እጀታ ያላት ዱባ

ሐሙስ፣ 4

ትዕዛዙ መጣ። አሥራ ሁለት ሥዕል፣ ሁሉም የመኸር ምርት፤ ዱባ፣ ፖም፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ በቆሎ፣ የቀሩትን ስድስት እኔ እንድመርጥ። ሥዕሎቹ በወጥ ቤት ፎጣ፣ በሽርጥ፣ በትሪና በኩባያ ላይ ይታተማሉ፤ ሰውም ለወዳጁ ስጦታ ይገዛቸዋል። የስጦታ ዕቃ ሱቁ ባለቤት አምስት ሳምንት ሰጥታኛለች። እኔና ባሌ ይህችን ሴት "ቶሎ በይ" ነው የምንላት፤ ቃሉ ከአፏ አይጠፋም። በፊቷ ግን አንላትም። አምስት ሳምንት! ለቀይ ሥር እንኳ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይሰጠዋል።

ደግነቱ አባዬ አለ። እንደ ሁልጊዜው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጆንያውን ተሸክሞ መጣ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሳልኩት አትክልት ሁሉ ከእሱ ጓሮ የወጣ ነው። "ቀለሜ፣ እንግዶችሽን አምጥቻለሁ" ብሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ፖም ብቻ ነበር። "ዱባዎቹስ?" ስለው "ይደርሳሉ፤ አንቺም እንደ ሴትዮዋ ሆንሽ እንዴ?" አለ።

ሲቀመጥ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ነው የተቀመጠው። ሲነሳም እንደዚያው። ደረጃው አድክሞት ይሆናል።

ቅዳሜ፣ 6

ፖሞቹን ሦስት ጊዜ ሳልኳቸው። ሦስተኛው ይሻላል። ቀዩ ቶሎ ይደርቅና አረንጓዴው ላይ አልዋሃድ ይለኛል።

የቤታችን ሕግ አንድ ነው፤ ያልተሳለ አይበላም። ያልተሳለው ላይ ቀይ ክር አስራለሁ። ሥዕሉ ሲያልቅ ክሩን እቆርጥና ለባሌ አስረክባለሁ። እሱ አውቶቡስ ይነዳል፤ ከሥራ ሲመጣ ረሃቡ ሌላ ነው። ዛሬ ከአምስት ፖም አራት አገኘሁ።

"ክሩ ወልቆ ነበር" አለኝ።

"ታዲያ ክሩ ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል?"

"መረጃ እንዳይጠፋ ብዬ ነው" አለ። ሰውዬው ሹፌር ከሚሆን ጠበቃ ቢሆን ይሻለው ነበር። አራት ፖም ይበቃል።

ሐሙስ፣ 11

አባዬ ዱባ አመጣ። አንድ። አምና በዚህ ጊዜ መተላለፊያው ሁሉ በዱባ ተሞልቶ በጎን ነበር የምናልፈው።

ቆንጆ ናት። ክብ ሆና አንድ ጎኗ ትንሽ ገባ ያለ፣ ፀሐይ ያልነካት በኩል ደግሞ ቢጫ የሆነች። ግን እጀታ የላትም። አባዬ ዱባ ሲቆርጥ አናቷ ላይ ያለውን ግንድ አንድ ስንዝር ያህል ከነሐረጉ ይተውላታል። እጀታ ነው የሚለው። "አንገቷ ያጠረ ዱባ አትከርምም" ይላል። በልጅነቴ ግን እጀታውን ይዤ ላነሳ ስሞክር እጄን ይመታኝ ነበር፤ እጀታ ተብሎ የማይያዝ እጀታ። የዛሬዋ ከሥሩ ልሙጥ ተደርጋ ተቆርጣለች፣ ገበያ ላይ አንዷ በሌላዋ ላይ እንድትደረደር እንደሚቆረጡት።

"እጀታዋ የት ሄደ?" አልኩት።

"ተሰበረ።"

የተሰበረና በቢላ የተቆረጠ እንደማይመሳሰሉ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። ሾርባውን ጠጣ፣ ከባሌ ጋር ስለ አውቶቡስ መንገድ ተከራከረ፣ ሄደ። ምናልባት ዘንድሮ መቁረጫውን ለውጦ ይሆናል።

ዓርብ፣ 12፣ በጥድፊያ

ዱባዋን ስዬ ጨረስኩ። እጀታ ቀጠልኩላት። አንድ ስንዝር፣ ከነሐረጉ። ከማየው ውጭ አልስልም እያልኩ ሰው የማሰለች እኔ ነኝ! እንዲሁ ያለ እጀታ ጎዶሎ መሰለችኝ፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ባሌ "ክሩ ይቆረጥ?" አለ። "ቆይ" አልኩት።

ሰኞ፣ 15

ቶሎ በይ መጣች። ተቀመጪ ብላት ቆማ፣ ሻይ ጠጪ ብላት ቆማ። ፖሞቹን አገላበጠች፣ ዱባዋ ላይ ስትደርስ ግን ጮኸች።

"እጀታዋ! እጀታዋ ገደለችኝ! ይቺ ትሪ ላይ ትውጣ፣ ሽርጥ ላይ ትውጣ፣ ሁሉም ላይ ትውጣ!"

ከዚያ ስለ ካርዱ ነገረችኝ። በየዕቃው ላይ ትንሽ ካርድ በክር ይንጠለጠላል፤ "ከአባቷ ጓሮ" የሚል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል አለች። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት ስለ አባዬ አጫውቻት አይደል?

"እውነት ነው አይደል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ። ከአፌ እንዴት ፈጥኖ እንደወጣ። እውነት ደግሞ ነበር። አምና፣ ካቻምና፣ ከዚያም በፊት እውነት ነበር።

ሐሙስ፣ 18

ካሮቱ ታጥቦ መጣ። ቅጠል የለውም። "አፈሩን ካጠብሽው ምኑን ትስይዋለሽ?" ይለኝ የነበረው ሰውዬ ታጥቦ የሚያበራ ካሮት አመጣልኝ።

ሽንኩርቱን በየዓመቱ ቅጠሉን እንደ ፀጉር ጎንጉኖ፣ ረጅም አድርጎ ነበር የሚያመጣው። የዛሬው ቅጠሉ ተቆርጧል፤ የሚጎነጎን ነገር የለውም። አባዬ ግን እያንዳንዱን በሲባጎ አስሮ፣ ሲባጎውን ከሲባጎ አያይዞ፣ ጉንጉን ለማስመሰል ሞክሯል። ሁለቱ ከደረጃው ላይ ወድቀው ተንከባለሉ። ባሌ ሮጦ ለቀማቸው።

"ዘንድሮ ፋሽኑ እንዲህ ነው" አለ አባዬ። ሳቅን፣ ሦስታችንም፣ ከሚገባው በላይ።

ከሄደ በኋላ ያምናውን ደብተር አውጥቼ ለካሮቱ ቅጠል ሳልኩለት። አፈርም አለበስኩት። ሽንኩርቱንም ጎነጎንኩት፣ በእርሳስ። ባሌ ጠረጴዛውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ደግሞ ጠረጴዛውን አየ።

"ክሩ አልተቆረጠም፤ እንዳትነካ" አልኩት።

"እኔ ስለ መብላት አይደለም..."

"ስለ መብላት ካልሆነ ተወው።"

ተወው። ደግ ሰው ነው።

እሑድ፣ 21

ሲዘንብ ዋለ። ቀይ ሥሩን ለሁለት ቆርጬ ውስጡ ያሉትን ቀለበቶች ስቆጥር ዋልኩ፤ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። እጄ እዚህ፣ ሐሳቤ እዚያ።

ጽፌው ይውጣልኝ። በዘር ጊዜ አባዬ ደውሎ ነበር። "ቅዳሜ ጊዜ ካለሽ ብቅ ትያለሽ ወይ? መሬቱን አብረን ብንገለብጠው" አለኝ። አባዬ ሰው እርዳኝ አይልም። እናቴ ያረፈች ሰሞን እንኳ ዕቃውን ራሱ ነበር የሚያጥበው፤ እኛ ልንቀማው ስንል ይቆጣ ነበር። ያን ዕለት ግን ጠየቀኝ። ድምፁም ደህና ነበር፣ እየቀለደ ነበር፣ ስለዚህ ልብ አላልኩም። የኩባያ ሥራ አለብኝ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁን አልኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜም አልሄድኩም። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲህ ጓሮውን ረግጬ አላውቅም። ሐሙስ ሐሙስ እሱ ይመጣል፣ እኔ ለምን እሄዳለሁ እያልኩ። በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ነው። ባሏ አውቶቡስ የሚነዳ ሴት መሄጃ አጣሁ ብትል ማን ያምናታል? ሰባት ወር ሙሉ የእሱን አትክልት ስስል፣ ሲነሳና ሲቀመጥ ጠረጴዛ ሲደገፍ እያየሁ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ይመልስልኛል ብዬ ፈርቼ ይሆን?

ረቡዕ ወረቀት ልገዛ ስሄድ በዚያ በኩል አልፌ ነበር። ከአጥሩ በላይ ሣር ታየኝ፣ ረጅም። አውቶቡሱ ቶሎ አለፈ። በቆሎም ሊሆን ይችላል።

ማክሰኞ፣ 23

ሎሚ ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። አትክልት ሻጯ ከጎረቤቷ ጋር ታወራለች፤ እኔ ከሣጥኖቹ ጀርባ ነበርኩ።

"እኚያ ሽማግሌ ዛሬ አልመጡም?"

"መጥተው ሄዱ። ኧረ እሳቸውስ! አንድ ዱባ ለመግዛት ሃያውን ያገላብጣሉ። 'ይቺ ፊት የላትም፣ ያቺ አኩርፋለች' እያሉ። 'አባቴ፣ የምሸጠው የሚበላ እንጂ የሚዳር አይደለም' ብላቸው 'ለልጄ ነው፣ ሰዓሊ ናት' አሉኝ።"

"አይደክማቸውም?"

"ጉልበታቸውማ አልቋል። ባዶ ሣጥን ገልብጬ አስቀምጣቸዋለሁ፤ እዚያው ተቀምጠው ያስመርጡኛል።"

ሎሚውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ሰዓሊ ልጅ ያለው ሽማግሌ ስንት አለ።

ሐሙስ፣ 25

የፎጣው ናሙና ደረሰ። አባዬም በሰዓቱ መጣ፣ በአንድ እጁ ጥቅል ጎመን፣ በሌላው ሁለት በቆሎ። ናሙናውን ዘረጋሁለት። ባልዘረጋው ይሻለኝ ነበር፤ ግን በየዓመቱ መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው፣ ብደብቀው ደግሞ ምን ልል ነው?

መነጽሩን አወጣ። ዱባዋን ብዙ አያት። በአውራ ጣቱ እጀታውን ከሥሩ እስከ ሐረጉ ጫፍ ድረስ ተከተለው። ወደ ካሮቱ ሄደ፣ ቅጠሉን አየ፣ አፈሩን አየ። የሽንኩርቱን ጉንጉን አንድ በአንድ ቆጠረ። እኔ ብሩሽ አጥብ ነበር። ንጹሕ ብሩሽ።

ከፎጣው ጥግ የተንጠለጠለችውን ካርድ ሁለት ጊዜ አነበባት። ከዚያ ጽሑፉ ወደ ታች እንዲሆን ገለበጣት።

"ጎበዝ ነሽ" አለ። "የጎደለውን ሁሉ ሞልተሻል።"

"አባባ፣ ሾርባ ላምጣልዎት?" አለ ባሌ፣ ድምፁ ከወትሮው ከፍ ብሎ።

"አምጣ ልጄ።"

ፎጣውን ለአራት አጥፎ ወደ እኔ ገፋው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ብሩሼን ማጠቤን ቀጠልኩ። እሱም ሾርባውን ጠጣ። ባሌ ብቻ ስለ አዲሱ አደባባይ ሲያወራ አመሸ፤ ማንም አልሰማውም።

ዓርብ፣ 26

ቶሎ በይ ደወለች። ፎቶ ትፈልጋለች። አባዬ በጓሮው መሃል ዱባ ታቅፎ፤ ትልቅ አድርጋ ለሱቁ መስታወት። ጭቃ ነው አልኳት። ሲደርቅ እንሄዳለን አለች። አባዬ ፎቶ አይወድም አልኳት። "ለእኔ እምቢ አይሉም" አለች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲባል እሰማለሁ። የእኔው እያደር ይከብዳል።

ረቡዕ፣ 1፣ በጥድፊያ

አሥራ አንደኛው አለቀ። ለቶሎ በይ እውነቱን ልነግራት ቆርጬ ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ካርዶቹ ታትመው በሣጥን ተቆልለዋል፤ ሦስት ሴቶች ተቀምጠው በየካርዱ ላይ ክር ያስራሉ። ብነግራት አባዬን ሳልጠይቀው ገመናውን አወጣሁ። ባልነግራት ደግሞ ፎቶ አንሺ ይዛ ሄዳ በሰው ፊት ታዋርደዋለች። በር ላይ ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ፣ 2

ቶሎ በይ አባዬ የሚመጣበትን ሰዓት ጠብቃ መጣች። ገና ጆንያውን ሳያወርድ።

"አባቴ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጓሮዎን ፎቶ ብናነሳው?"

"ቅዳሜ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው" አልኩ እኔ።

አባዬ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም። ልጅ ሆኜ ስዋሽ እንደሚያየኝ ነው ያየኝ፣ እያዘነልኝ።

"ምንም ቀጠሮ የለብኝም" አለ። "ይምጡ፣ እመቤት። ሦስት ሰዓት ላይ ይምጡ።"

ሾርባ ሳይጠጣ ሄደ። ባሌ ላድርስዎት ቢለው እምቢ አለ። ሂድና ሣሩን እጨድለት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ካልኩ ግን ማወቄን መናገሬ ነው። አላልኩትም።

ቅዳሜ፣ 4

አባዬ ከጓሮው በር ውጭ ቆሞ ጠበቀን። ነጭ ሸሚዝና ኮቱን ለብሷል፣ ፂሙን ተላጭቷል፣ ቁልፉን በእጁ ይዟል። ቁልፉ ጠፍቶበት ቢሆን ብዬ ስመኝ ነበር የመጣሁት።

ፎቶ አንሺው ዕቃውን ማውጣት ሲጀምር አባዬ እጁን አነሳ።

"እመቤት፣ ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር አለ። ካርድዎ ከአባቷ ጓሮ ይላል። ልክ አይደለም። ዘንድሮ አንዲት ፍሬ አልዘራሁም፤ ጉልበቴ ከድቶኛል። ያመጣሁላት ሁሉ የገበያ ነው። ልጄ ጥፋት የለባትም፣ እሷ አታውቅም።"

ከዚያ በሩን ከፈተው።

ሣሩ እስከ ወገብ ነው። ከበሩ አጠገብ ብቻ መሬቱ ተቆፍሯል፤ አንድ መስመር ተኩል። ሁለተኛው መስመር በግማሹ ላይ ቆሟል፤ ዶማው እዚያው እንደቆመ ዝጎ፣ ሐረግ ተጠምጥሞበታል። ያን ቅዳሜ ብቻውን ሞክሯል ማለት ነው። እዚህ ድረስ ሠርቶ አቃተው።

"አውቃለሁ" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። "ከዱባዋ ጀምሮ አውቃለሁ። እጀታውን የቀጠልኩት እኔ ነኝ። ውሸቱ የኔ ነው።"

ቶሎ በይ በሩ አጠገብ የተደፋ ባልዲ አገኘችና ተቀመጠችበት። ተቀምጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

"ታዲያ እነዚያን ሁሉ የመረጣቸው ማነው?" አለች ቀስ ብላ።

"እኔ ነኛ!" አለ አባዬ፣ ቆጣ ብሎ። "እንዲሁ አፍሼ የማመጣ መሰለዎት? የሚበላ ዱባ ሌላ፣ የሚሳል ዱባ ሌላ። ለመብላት ከባዷን ነው። ለመሳል ግን አንድ ጎኗ ገባ ያለ መሆን አለባት፣ ጥላው የሚያርፍበት። ካሮትም ቀጥ ያለው ለሥዕል አይሆንም፤ እግሩን ያነባበረው ነው የሚሆነው። አሥራ አንድ ዓመት ስትስል አይቻለሁ እኮ።"

ቶሎ በይ ከቦርሳዋ አንድ ካርድ አወጣች፣ ገልብጣ በጀርባው ጻፈችበትና አሳየችው። "አባቷ የመረጣቸው" ይላል። አባዬ መነጽሩን አድርጎ አነበበው።

"ይሄ ልክ ነው" አለ።

ሥዕሎቹንስ አልኳት። ዱባዋ ክሯ ስላልተቆረጠ አልተበላችም፤ ካሮቱንና ሽንኩርቱንም ደግሜ እንዳመጣጣቸው እስላቸዋለሁ፣ እስከ ረቡዕ አልኳት። "ቸኩለሽ እንዳታበላሺው" አለችኝ። ይህ ከእሷ አፍ ሲወጣ ባሌ ወደ አጥሩ ዞሮ ሳቁን በሳል ደበቀ።

ፎቶውም ተነሳ። አባዬ ኮቱን ለብሶ፣ ሣር መሃል፣ ምንም ሳይዝ።

እሑድ፣ 5

ትናንት ሁሉም ከሄዱ በኋላ እኔና አባዬ ቀረን። ባሌ ሣር ሲያጭድ ነበር፤ አስተጫጨዱ እንደ አነዳዱ ነው፣ በየቦታው ይቆማል።

"እንደማውቅ መቼ አወቅክ?" አልኩት።

"ፎጣውን ያሳየሽኝ ቀን። ከተወለድሽ ያላየሽውን ስለሽ አታውቂም።"

አታውቅም ብሎ በሩ ላይ የተናገረልኝ እያወቀ ነው እንግዲህ።

"ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን አልነገርከኝም?"

ሣሩን በጫማው ሲነካካ ቆየ። "ብነግርሽ 'አትልፋ አባዬ፣ እኔው ከገበያ አመጣለሁ' ትይኛለሽ። እውነትሽን ነው የምትይው። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ምን ይዤ ልመጣ ነው?"

አለቀስኩ። ዝም ብሎ አስለቀሰኝ፤ መሀረቡን እንኳ የሰጠኝ ዘግይቶ ነው።

"ያን ቅዳሜ መምጣት ነበረብኝ" አልኩት።

"የቱን ቅዳሜ?"

"መሬቱን አብረን እንገልብጥ ያልከኝን።"

"ረስቼዋለሁ" አለ። አልረሳውም። ለእኔ ብሎ ነው።

"ባዶ እጅህን ና።"

"ባዶ እጅማ ሰው ቤት አይኬድም።"

"የኔ ቤት የሰው ቤት ነው እንዴ?"

ለባሌ አስተጫጨድ ሊያሳየው ሄደ።

ሐሙስ፣ 9

ትናንት አሥራ ሁለቱንም አስረከብኩ። ዛሬ ሥራ የለኝም፤ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ መስኮት ላይ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አልመጣም። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ባሌ "አውቶቡሱ ዘግይቶ ይሆናል፤ እኔ ዕረፍት ስወጣ ሁሉም ነገር ይበላሻል" አለ። አልሳቅኩለትም።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳ። አባዬ እስከ ዛሬ በሩን በጫማው ጫፍ ነበር የሚመታው፣ ሁለት እጁ ስለሚያዝ። ዛሬ በእጁ አንኳኳ። ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።

"ምንም አልያዝኩም" አለ፣ ገና በሩን ሳልከፍት።

"ግባ አባዬ።"

ተቀመጠ። እጆቹን የት እንደሚያኖራቸው ጨነቀው፤ ጠረጴዛው ላይ አደረጋቸው፣ ጭኑ ላይ አደረጋቸው፣ ኪሱ ከተታቸው። ባሌ ትኩስ ኩባያ ሲያስይዘው ተገላገለ። የአዲሱን ዱባ ሥዕል ቅጂ አየ፣ እጀታ የሌላትን። "አሁን ራሷን መሰለች" አለ። ከዚያ ስለ ተራ ነገር ሲያወራ አመሸ፤ ስለ ጉልበቱም አወራ፣ የት ጋ እንደሚያመውና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ። ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን።

በር ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

"የሚመጣው ሐሙስ ልምጣ?" አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

"ማክሰኞም ና" አልኩት።

"ማክሰኞ ምን አለ?"

"ምንም የለም።"

ባዶ እጆቹን ኪሱ ከተተ።

"እንግዲያው እመጣለሁ" አለ።